ዱጋል ፒሪና የሙጫዋ ጀልባ

ሰዎች ተሰብስበው አንድ ነገር መሥራት በጀመሩበት ቦታ ሁሉ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ የሚያይ አንድ ሰው አይጠፋም። ቤት ስትሠራ አጥርህ ላይ ተደግፎ «ግድግዳው ዘመም አላለም?» ይልሃል። መኪናህ ቆሞብህ ስታጎነብስ «ችግሩ እሱ አይደለም» ይልሃል፤ ችግሩ ምን እንደሆነ ግን አይነግርህም። ለእኛ ለስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ መንደርተኞች የደረሰን ክቡር ሚስተር ዱጋል ፒሪ ነው።

ጀልባ የመሥራቱን ሐሳብ ያመጣችው ጡረታ የወጣችው የጥርስ ሐኪማችን ኤልስፔት ናት። አያቶቻችን ዓሣ ያጠምዱበት የነበረውን ዓይነት፣ አራት ሰው የሚቀዝፈው፣ ሳንቃው እርስ በርሱ የተደራረበ ጀልባ። ልዩነቱ፣ ሳንቃው ከኮምፔንሳቶ በኮምፒውተር ተቆርጦ ከከተማ መምጣቱና በምስማር ፈንታ በሙጫ መያያዙ ነበር።

ሥራው በተጀመረ ማግስት ዱጋል የምንሠራበት የድሮ ዓሣ መጋዘን በር ላይ ቆመ። አባቱ የመንደሩ የመጨረሻ ጀልባ ሠሪ ነበሩ። እሱ ዕድሜውን የፈጀው አውቶቡስ ሲነዳ ነው፤ ይህ ግን ከመናገር አላገደውም።

«ሙጫ ለፖስታ ነው» አለ።

«እንደምን አመሸህ፣ ዱጋል» አለች ኤልስፔት።

«አባቴ ይህን ቢያዩ ለምድጃ ይፈልጡት ነበር።»

ከዚያ ወዲህ አንድም ምሽት አልቀረብንም። ሳንቃ ስናጎብጥ «ይሰነጠቃል» ይላል፤ ሳይሰነጠቅ ሲቀር «ቆይ፣ ገና ነው» ይላል። ሳንቃዎቹን በሞርሳ አጣብቀን ጠፍረን ሙጫው እስኪደርቅ ስንጠብቅ «ምስማር ቢሆን እስካሁን ቤታችሁ ነበራችሁ።» ኤልስፔት አንዷን ክፍተት በሙጫ ሞልታ ስታለሰልስ ደግሞ ጠጋ አለና «ዶክተር፣ አፏን ትክፈት እንዴ?» አላት።

«እሷስ ዝም ብላ ትታከማለች። አንተ ጥርስህን ስነቅል እንኳ ታወራ ነበር።»

ክረምቱ ሲበረታ ዱጋል ጉንፋን ጣለውና ቀረ። መጀመሪያ እፎይ አልን። የሚቃወመን ስናጣ ግን እርስ በርሳችን መነታረክ ጀመርን፤ ኤልስፔትና እኔ በአንዲት ብሩሽ ተኳረፍን። በመጨረሻ በጭስ የደረቀ ዓሣ ሾርባ ይዘን አብረን ልንጠይቀው ሄድን።

«የትኛው ሳንቃ ላይ ደረሳችሁ?» አለን፣ ገና ሳንቀመጥ። ቀጥሎም ሾርባው ጨው እንደሚያንሰው ነገረን።

በጋ ላይ ያለቀችውን ጀልባ ጎረቤት መንደር ለውድድር ወሰድናት፤ ድኖ የተነሣው ዱጋልም አብሮን መጣ። እዚያ ያለ አንድ ቀዛፊ ጎኗን በጣቱ ቆርቆር አደረገና «ይቺ ጀልባ ናት? የሙጫ ገንዳ እኮ ናት» አለ። ሁላችንም ወደ ዱጋል ዞርን። ደስ የሚለው መስሎን ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ስለ ጀልባ ምን ታውቃለህ?» አለው ዱጋል። «ሙጫው ሳንቃውን ሁሉ አንድ እንጨት ነው የሚያደርገው። አትላቀቅም፣ አታፈስም፣ ከአንተዋ በግማሽ ትቀላለች። መጀመሪያ እወቅ፣ ከዚያ ቆርቁር።»

ኤልስፔት መጋዘኑ ውስጥ ስትመልስለት የከረመችው ንግግር ነው፤ ቃል በቃል። «መቼ ሰምቶኝ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ውድድሩን ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣን፤ ማንም አላዘነም። ወደ መንደራችን የምንመለሰው በባሕር ስለነበር ኤልስፔት መሪ የምትይዝበትን ቦታ ለዱጋል ለቀቀችለት።

«እኔ?» አለ ዱጋል። «የአባቴ ጀልባ መሥሪያ ከተዘጋ ጀምሮ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ቀስ ብለህ ግባ።»

ገባ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣውም። አንድ እጁ መሪው ላይ ነው፤ በሌላው ሳንቃውን ይዳብሳል። እኛ ቀዛፊዎቹ ፊታችን ወደ እሱ ስለሆነ፣ ላለማየት ብንፈልግም እናየው ነበር። ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ቢደፋም ዓይኑ እንባ ማቅረሩን አልሸሸገለትም።

የወደባችን ግንብ በጎናችን አለፈ። ጀልባዋ ግን አልታጠፈችም።

«ዱጋል፣ ወደቡን እኮ አለፍነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

መዳፋችን ተልጧል፣ ርቦናልም። መቅዘፉን ያቆመ ግን አልነበረም።