ሲስተሯ ታስመስላለች አሉ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። በሕልሜ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ጋሽ ጠና በሩ ላይ ቆመው ለገባው ለወጣው ሁሉ አንድ ወሬ ይነግራሉ። «ሲስተሯ ታስመስላለች አሉ» ይላሉ። ዳቦ ላመጣችው ሴትዮ ነገሯት። ቆሻሻ ለሚጭነው ጋሪ ነገሩት፤ ለፈረሱ አይደለም፣ ለጋሪው። ፈረሱማ ቀድሞ ሰምቷል። እኔ ስደርስም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሰማሽ? ሲስተሯ ታስመስላለች አሉ» አሉኝ።

ሲስተሯ እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የዚህ ትምህርት ቤት ነርስ ሆኜ የሠራሁት እኔ ዓይናዲስ ነኝ፤ ሌላ ሲስተር ግቢው ውስጥ የለም።

«ማነው ያለው?» አልኳቸው።

«ሰው ነዋ።»

«የትኛው ሰው?»

ጋሽ ጠና ግራና ቀኝ ገላመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ነሽ ትናንት የነገርሽኝ። እኔ ግን ስምሽን አላነሣም፤ አትስጊ።»

በዚህ መሐል ቀኝ ጎኔን ከታች በኩል ወጋኝ። ጎንበስ አልኩ። ጋሽ ጠና ጎንበስ ስል አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ የአዘኔታ ሳይሆን «ይኸው ጀመረች» የሚል አመጣጠጥ ነው።

ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ። የተማርኩበት ኮሌጅ ያስተማረኝ መርፌ መውጋትና ፊርማ ማሳመር ነው። ሌላውን ሁሉ ሽፋኑ ከተገነጠለ የሕክምና መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። ስለዚህ ሌላው ሰው «ሆዴን» ሲል እኔ ስሙን እጠራለሁ። ትርፍ አንጀት ነው። ከፈነዳ ይገድላል። ሆስፒታል መድረስ አለብኝ፤ ሆስፒታል ለመድረስ ከበሩ መውጣት፣ ከበሩ ለመውጣት ደግሞ የክሊኒኩን የፈቃድ ወረቀት መያዝ ግድ ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ተማሪዎቹ ዛፍ ጥላ ሥር እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠው የፈተና ወረቀት ያርማሉ፤ ስለ ኑሮ ውድነትም ያወራሉ። መምህራኑ ምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው፣ አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ ይሯሯጣሉ። የስፖርት መምህሩ ጉልበቱ ተልጦ ያለቅሳል፤ ገፍትራ የጣለችው የሥነ ዜጋ መምህሯ «እኔ አይደለሁም» እያለች ትምላለች። ደወሉ ተነሣና ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ «ጥያቄ ያለው?» አለ። ማንም ጥያቄ አልነበረውም።

ክሊኒኩ በር ላይ ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት ዕቃዎቹ ናቸው። ፋሻው ራሱን ጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል፣ አዮዲኑ ቆስሏል፣ ጥጡ ደም አይቶ ሊወድቅ ደርሷል። ፓራሲታሞል አልነበረም፤ በሕልምም አልቋል። ተራ ሳልጠብቅ አልፌ ስገባ ጥጡ ከኋላዬ፣ «እሷ ናት፤ የምታስመስለው» ሲል ሰማሁት።

ውስጥ አልጋው አራት እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ ተኝቷል፤ ታሞ ነው አሉ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ እኔን ያነበኝ ጀመር።

«ከላይ በትልቁ የተጻፈው ይታየኛል» አለ። «ኩራት ይላል። ከታች ያለው ግን ደቃቃ ነው፤ አይነበብልኝም።»

ጠረጴዛዬ ጋ የተቀመጠችው በእምነት ናት። በእምነት የአራተኛ ለ ተማሪ ናት፤ ሒሳብ ባለ ቀን ሁሉ ሆዷን ይዛ የምትመጣብኝ፣ እኔም ውሃ አጠጥቼ የምመልሳት ልጅ። አሁን ነጭ ጋዎኔን ለብሳ እጅጌው መሬት ይጠርጋል። እግሯ ወለሉ ጋ አይደርስም። የወሰደችብኝ ግን ጋዎኑን ብቻ አይደለም። በግማሽ ዓይኗ ስታየኝ አወቅኩት፤ ያ አስተያየት የኔ ነው። ሰው ችግሩን ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቅና «እሺ፣ ሌላስ?» የሚል አስተያየት።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሞኝ ነው» አልኳት። ለምን አንቱ እንዳልኳት አላውቅም፤ ጋዎኑ ነው መሰለኝ።

«የት ጋ? በአንድ ጣት አሳዪኝ።»

በአንድ ጣት አሳየኋት። ይህቺን ጥያቄ አውቃታለሁ። የሚዋሽ ልጅ ሆዱን በሙሉ መዳፉ ያሻል፤ የታመመ ግን ቦታውን ያውቃል። አልያዘችኝም ብዬ ልቤ ሞቅ አለ።

«ፈጠን አልሽ» አለች። «ተለማምደሽ ነው የመጣሽው?»

አሁን ምን ክፍለ ጊዜ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ተማሪ አለመሆኔን፣ ክፍለ ጊዜ የሚባል ነገር እንደሌለኝ ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀችና መዝገቡ ላይ «ሒሳብ» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ክንዴን አስነሥታ ብብቴን አሸተተች። ለማያውቅ ላስረዳ፤ ልጆች ሽንኩርት በብብት ይዞ ማደር ትኩሳት ያመጣል ብለው ያምናሉ። የፈተና ሳምንት ክሊኒኬ ወጥ ቤት ወጥ ቤት ነው የሚሸተው። እኔ እንኳን በብብታቸው የያዙትን፣ ገና ሊይዙ ያሰቡትን ከበር ነው የምለየው። በእምነት ታዲያ ከብብቴ አንድ ራስ ሽንኩርት አወጣች። እኔ አላስገባሁትም። ሁለተኛ አወጣች። ከሌላኛው ብብቴ ደግሞ ነጭ ሽንኩርትና ግማሽ ቃሪያ። ጠረጴዛው ላይ በመጠናቸው ደረደረቻቸው።

«የኔ አይደሉም» አልኩ።

«የማንም አይደሉም። እዚህ ክፍል ውስጥ ባለቤት ያለው ሽንኩርት አይቼ አላውቅም።»

ይሄ ደግሞ የኔ አባባል ነው፤ ቃል በቃል።

«ውሃ ጠጪና ክፍልሽ ግቢ» አለችኝ።

በቃ፣ የኛ ሕክምና ይኸው ነው። ለራስ ምታት ውሃ፣ ለሆድ ውሃ፣ ለተረገጠ እግር ውሃ። ምን ይደረግ? ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለን ፋሻና አዮዲን ነው፤ እነሱም ዛሬ ታመው ተሰልፈዋል። እኔ ግን ውሃ የሚያሽረው በሽታ አልያዘኝም። ድምፄን አጠንክሬ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት። እምብርት ዙሪያ ጀምሮ ወደ ቀኝ የወረደ፣ ሲጫኑት ሳይሆን ሲለቁት የሚብስ፣ ምግብ የሚያስጠላ። ትርፍ አንጀት መሆኑን፣ ከፈነዳ እንደምሞት ነገርኳት።

«ማን ነገረሽ?»

«አንብቤ ነው።»

በእምነት ብዕሯን አስቀመጠች። «እስካሁን የነገርሽኝ ያነበብሽውን ነው። ያመመሽን ንገሪኝ።»

የመጽሐፉን ቀጣይ ገጽ ለማስታወስ ሞከርኩ። የዓይን ሰሌዳው ሳቀብኝ።

ወረቀቱን ከፈለግኩ ሦስት ምስክር ማምጣት እንዳለብኝ አስረዳችኝ፤ ሦስቱም ውሸታሞች መሆን አለባቸው። እውነተኛ ሰው ስለ ውሸት ምን ያውቃል? ውሸታም ነው ውሸታምን የሚለይ። ነገሩ ያኔ በጣም ትክክል መሰለኝና ጎኔን ይዤ ወጣሁ።

የመጀመሪያውን ለማግኘት አልደከምኩም። ዳይሬክተሩ አቶ ደምሰው በአርፋጆች መስመር ላይ ጆሮውን ይዞ ተንበርክኳል፤ ከረባቱ ላይ ማስቲካ ተለጥፏል። ከመስከረም ጀምሮ የክሊኒኩ ቧንቧ በሚቀጥለው ሳምንት ይጠገናል የሚለኝ ሰው ነው። ና መስክርልኝ አልኩት።

«እኔ ዋሽቼ አላውቅም» አለኝ። «ሌላ ሰው ፈልጊ።»

አንደኛው ተገኘ ብዬ ክንዱን ይዤ ጎተትኩት።

ሁለተኛው የመምህራን ማረፊያ ሰዓት ነው። ዓመቱን ሙሉ ማንም ቀና ብሎ ሲያየው አራት ከሃያ ነው ይላል። ስንት ሰዓት ነው ብዬ ስጠይቀው «አራት ከሃያ» አለና ራሱ ከግድግዳው ወርዶ ተከተለኝ።

ሦስተኛ ግን አጣሁ። ግቢውን ዞርኩ። ባለፍኩበት መስኮት ሁሉ መምህራኑ ሰብሰብ ብለው ያዩኛል፤ ስቀርብ ደብተራቸው ላይ ያጎነብሳሉ፤ ሳልፍ «ታስመስላለች» ይባባላሉ። የገረመኝ እሱ አይደለም። የገረመኝ እኔም ራሴን መጠርጠሬ ነው። ቆም ብዬ ጎኔን ተጫንኩት። አመመኝ። ግን ሲያመኝ ፊቴ ምን መስሎ እንደሆነ አሰብኩ። ትንሽ አበዛሁት እንዴ? እንደገና ተጫንኩትና እንደገና አመመኝ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር አንድ አልነበረም። ልጅ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ላይ ነበር የምይዘው።

በሁለት ምስክር ተመለስኩ። በእምነት ዳይሬክተሩንና ሰዓቱን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። ውሸታምነታቸው አልተጠረጠረም።

«ሦስተኛስ?»

«አጣሁ።»

«ሦስተኛዋማ አለች» ብላ ብዕሩን ወደኔ ገፋችው። «ውሸታም ነኝ ብለሽ ፈርሚ። ያኔ አምንሻለሁ።»

ካልፈረምኩ አንጀቴ ይፈነዳል። ከፈረምኩ ደግሞ ሕመሜ በገዛ እጄ ውሸት ሆነ። በሕይወቴ ተሳስቻለሁ ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት የለም፤ እናቴ ታውቃለች፣ ያስተማሩኝም ያውቃሉ፤ አንዷ መምህርቴማ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ጎኔ ውስጥ የሆነ ነገር ዞረ። ዳይሬክተሩ በሚቀጥለው ሳምንት ይሻልሻል አለኝ። ሰዓቱ ግን አዘነልኝ።

«ፈርሚና ይለፍልሽ» አለኝ። «መሽቷል እኮ፤ አራት ከሃያ ሆኗል።»

ፈረምኩ። ፊርማዬ በጣም አማረ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ በሩ እየተንፏቀቅኩ ደረስኩ። ጋሽ ጠና ወረቀቱን ገልብጠው አነበቡት። «ውሸታም መሆንሽን አምነሻል፤ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ወላጅሽስ?»

«የምን ወላጅ?»

«ያለ ወላጅ አይወጣማ። የወለድሽው ይምጣና ይረከብሽ።»

«ጋሽ ጠና፣ እኔ አልወለድኩም።»

«ታዲያ ውለጂና ነይ። እኔ እጠብቅሻለሁ፤ ሌላ ምን ሥራ አለኝ።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ከእንግዲህ ከማን ጋር እንደምከራከር አላወቅኩም። በዚህ ጊዜ በእምነት የጋዎኑን እጅጌ አቧራ ላይ እየጎተተች መጣች። ጋሽ ጠናን ቀና ብላ አየቻቸውና፣ «የኔ ናት» አለቻቸው። ከዚያ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ሆዴ ላይ በጣቷ ሳይሆን በሙሉ መዳፏ ያዘችኝ።

«ምን በልተሽ መጣሽ?» አለችኝ።

ይህቺን ጥያቄ አላውቃትም። የኔ አይደለችም። ሒሳብ ባለ ቀን ሁሉ ስትመጣ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። መልስ ፈለግኩ፤ እሷም ሳትቸኩል ጠበቀችኝ። አፏን ስትከፍት ግን ድምፅዋ የወንድ ድምፅ ሆነ።

«ሲስተር፣ ትሰሚኛለሽ? ስምሽን ጥሪልኝ።»

«ዓይናዲስ» አልኩና ነቃሁ።

ሆዴ ላይ ወፍራም ፋሻ አለ። ማደንዘዣው ምላሴን አስሮታል። ከራስጌዬ የቆመው ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ የተቀበለኝ ሐኪም ነው፤ በዕድሜ ከኔ አይበልጥም። እምብርት፣ ቀኝ ጎን፣ ሲለቁት የሚብስ እያልኩ የመጽሐፌን ገጽ በቃሌ የወጣሁለት እሱ ነው። መጀመሪያ ምርመራ እንላክሽ ሲለኝ ባለሙያ ነኝ፣ ጊዜ የለንም ብዬ ተቆጣሁት። ቅንጣት ታህል አልተጠራጠረኝም።

ጫማውን እያየ ነው የነገረኝ። ሲከፍቱኝ ያገኙት ወስፋት ነው። አንጀቴ ውስጥ እንደ ልቃቂት የተጠቀለለውን በእጁ ዳስሶታል። አንድ ክኒን ይበቃው ነበር።

ያቺን ክኒን በዓመት ሁለት ጊዜ ለስምንት መቶ ልጅ የማድለው እኔ ነኝ፤ አፍ አስከፍቼ፣ ምላስ አስነሥቼ፣ መዋጣቸውን በዓይኔ እያየሁ። አንድም ቀን ለራሴ ወስጄ አላውቅም፤ የልጆች ናት ብዬ ነው።

«ትርፍ አንጀቴስ?» አልኩት።

«እሱማ ወጥቷል» አለኝ። «ጤነኛ ነበር።»