የኢንገር የበረዶ ስኩተርና የጎሚስታው ልጅ

ስለ ማሽን የማውቀው ነገር ቢኖር፣ ሲቆም አብሬ ማዘን ነው። በማዘን እንኳ የሚያህለኝ የለም። ይህን ወሬ ያነሳሁት ግን ስለ ራሴ ላወራ እንዳይመስላችሁ። ስለ ዘምዘም ነው። እኔ እዚህ ውስጥ ባትሪ ያዥ ነኝ።

ኖርዌይ፣ ሆልምሊያ በሚባለው ሰፈራችን፣ በተያያዙት ቤቶች ረድፍ፣ በቀኜ ኢንገር የምትባል ሰባ ስምንት ዓመት የሞላት ኖርዌጂያን ትኖራለች። በግራዬ ዘምዘም። እኔ መሐል። ኢንገር ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀራት ፍቅር አንድ ነበር፤ ተራራ ላይ ያለችው ሂተዋ። ሂተ ማለት የዚህ አገር ሰው የሞቀ ቤቱን ትቶ ሊበርደው የሚሄድባት የእንጨት ጎጆ ናት። ሰው ከብርድ ይሸሻል እንጂ ወደ ብርድ ይሸሻል? ተዉት፣ አገሩ ነው።

በክረምት እዚያች ጎጆ መኪና አይደርስም። ሌላው በበረዶ ሸርተቴ ይሄዳል። ኢንገር ግን ዳሌዋን ታማለች። ስለዚህ የዚያ አካባቢ ኮሙን፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ፣ በበረዶ ስኩተር እንድትሄድ ፈቅዶላታል። ስኩተር ስላችሁ ከተማ የምታዩዋትን ባለ ሁለት ጎማ እንዳታስቡ። ይቺ ከፊት ሁለት ሸርተቴ አላት፤ ከሆዷ ሥር እንደ ታንክ ሰንሰለት የሚዞር ሰፊ የጎማ ቀበቶ አለ፤ በረዶውን እየነከሰ ወደ ፊት የሚገፋት እሱ ነው።

ስኩተሯ በዕድሜ ከእኔ ትዳር ትበልጣለች። አንድ የካቲት ላይ ቀበቶዋ ተቀደደ፤ ጥርሶቹም ግማሹ ረገፉ። ኢንገር ወደ ጋራዥ ወሰደቻት። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ አርጅታለች፣ ልፋቱ አያዋጣም፣ ጣያት አላት። ኢንገር መጥታ ቤቴ በር ላይ ቆመችና ሂተዋን ልትሸጥ እንደሆነ፣ ቅዳሜም ገዢ ሊያያት እንደሚመጣ ነገረችኝ። አላለቀሰችም። የበሩን እጀታ ግን በጓንቷ ስትወለውለው ቆየች። ያን እጀታ ከዚያ በፊት ወልውሎት የሚያውቅ ሰው የለም።

ሮጬ ለዘምዘም ነገርኳት። ዘምዘም የአውቶቡስ ሾፌር ናት። አባቷ ኮምቦልቻ ላይ ጎሚስታ ነበሩ፤ ያደገችው የከባድ መኪና ጎማ ሲፈታና ሲገጠም እያየች፣ ሲደክማቸውም እየተቀበለቻቸው ነው።

"የተቀደደው ጎማ ነው ወይስ ብረት?" አለችኝ።

"ጎማ።"

"ጎማ ከሆነ የአባቴ አገር ሰው ነው። አብሽር!"

ያንኑ ዕለት ስኩተሯ ወደቆመችበት ወደ ኢንገር ቤት ጋራዥ ወርዳ የቀበቶውን ርዝመት፣ ስፋትና የጥርሶቹን ርቀት ለካች። ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ፣ ሊንደሩድ የሚባል ሰፈር ከሚኖር ሰው ብዙም ያልሠራበት ቀበቶ አመጣች። ዓርብ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ጠዋት የኢንገር ጋራዥ ውስጥ ገባን።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይሉ የለ? የስኩተሯን ጅራት በጠፍር ከጣሪያው ተሸካሚ ላይ አንጠለጠለችው። ቀበቶውን ከውስጥ ወጥሮ የያዘውን ማገር አራት ብሎን ፈታ ከነሞላው አወጣችው። ሞተሩን ከቀበቶው የሚያገናኘውን የሰንሰለት ሳጥን ከፍታ ዘይቱን ባልዲ ውስጥ አፈሰሰች። ኩሽኔታውን አውጥታ፣ ቀበቶውን የሚያዞረውን ዘንግ ሳበችው። እያንዳንዱን ነገር ከመንካቷ በፊት በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። ብሎኖቹን በየተራቸው በኢንገር የኬክ ቆርቆሮ ውስጥ ትደረድራለች። አንዱ ብሎን ዝጎ እምቢ ሲል እኔ መዶሻ አነሳሁ። እሷ ዘይት ጠብ አደረገችበትና ኢንገርን የፀጉር ማድረቂያ ለመነቻት። ሞቆ ሞቆ እሺ አለ። እኔ ሚስቴን እንኳ እንደዚያ በትዕግሥት ለምኜ አላውቅም።

የዙሁር ሰዓት ደረሰ። "ሰግጄ መጣሁ" ብላ ሄደች። እኔ ደግሞ ምን ሠራሁ? ልርዳት ብዬ አዲሱን ቀበቶ ታግዬ ቦታው አስገባሁት። ስትመለስ ደስ አላት።

"ቀበቶው ላይ ያለውን የመዞሪያ ቀስት አይተሃል?"

"ያ!" አልኳት፣ በኖርዌይኛ አዎ መሆኑ ነው። አልዋሸሁም። ቀስት መኖሩን አይቻለሁ። ወዴት እንደሚያመለክት ነው ያላየሁት።

ሁሉን መልሳ ገጠመች፤ ዘይቱን ሞላች፤ ቀበቶውን ወጠረች። አመሻሹ ላይ ሞተሩን አስነስታ ቀስ ብላ አዞረችው። ወዲያው አጠፋችው። ጎንበስ ብላ ጥርሶቹን በጣቷ ዳሰሰችና ቀና አለች። ቀስቱ ወደ ኋላ ያመለክታል፤ ቀበቶው ተገልብጦ ነው የገባው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እዚህ ግን የቸኮልኩት እኔ፣ የምትለቅመው እሷ።

በርጩማዋ ላይ የተቀመጠችው ኢንገር ደነገጠች። "ተበላሸ እንዴ?" አለች።

ዘምዘም ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም። "አይ፣ አልተበላሸም። አንዴ ደግመን እናየዋለን" አለቻት።

ከመጀመሪያው ብሎን እንደገና ጀመረች። እየፈታች፣ ኢንገር አማርኛ የምትሰማ ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "የሲኖትራክ ጎማ ገልብጬ በገጠምኩ ቀን አባቴ ምን አለኝ መሰለህ?" አለችኝ።

"ምን አሉሽ?"

"'አሁን አወቅሽው' አለኝ። ና፣ በዚህ በኩል ያዝልኝ።"

ባትሪ ያዥነቴ ቀርቶ ረዳት ሆንኩ። ቀስቷን ሦስት ጊዜ አየኋት። ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን ግማሽ ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

ቅዳሜ ስኩተሯን ተጎታች ላይ ጭነን መኪና መንገዱ የሚያልቅበት ደረስን። ገዢው እዚያ ቆሞ ይጠብቃል። ኢንገር ስኩተሯን አስነሳች። ቀበቶው በረዶውን ጥርቅም አድርጎ ነከሰው። አንዴ ዞራ ተመለሰችና ገዢውን በትሕትና፣ "ይቅርታ፣ ሂተዬ አትሸጥም" አለችው። ቀጥላ ዘምዘምን ከኋላዋ አስቀመጠቻት። የሠራችው ሰው ቀድማ ትቅመሳት አለች።

ሄዱ። ሄዱ ማለት ያንሳል፤ ተወረወሩ። "ያ ረቢ!" የሚል የዘምዘም ጩኸት ከጥድ ጥድ እየተቀባበለ ራቀ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዘምዘም የራስ ቁሯን በብብቷ ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ በረዶ እየሰመጠች፣ በእግሯ ስትወርድ አየኋት።

"እንዴ ዘምዘም! በሠራሽው ሥራ አታምኚም?" አልኳት።

"የሠራሁትንማ አምናለሁ" አለች እየተነፈሰች። "ያላመንኩት ሾፌሯን ነው!"