ከጦር መሣሪያ ነጻ የወጣችው ቀበሌያችን

ከቦሩ ሜዳ ወዲያ ያለችው ቀበሌያችን በመልካም አስተዳደር ከማንም እንደማታንስ ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነው። ስለዚህ የጦር መሣሪያ ይመዝገብ የሚል ደንብ ሲወርድ የተከበሩ ሊቀመንበራችን አቶ ደሳለው ከሁሉም ቀድመው ተነሡ። ምዝገባውን በአንደኝነት ለሚያጠናቅቅ ሊቀመንበር ደሴ ላይ የወረዳ ወንበር ይጠብቀዋል ተብሏላ! ሰውዬው ወንበሩን ሳያዩት ፒያሳ አጠገብ የሚከራዩትን ቤት መርጠው ጨርሰዋል።

መዝገብ ተገዛ፣ ማኅተም ተቀረጸ፣ ጸሐፊዋ ጣይባ ጠረጴዛ ይዛ ተቀመጠች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን አንድ ሰው ዝር አላለም። ምን ያድርግ ሕዝቡ? ዛሬ የተመዘገበ ነገ እንደሚወረስ ከአባቱ ሰምቶ ነው ያደገው።

በመጨረሻ አያ ብሩ መጡ፤ ያውም ለማዳበሪያ ጉዳይ። ከጋቢያቸው ሥር አንድ ረጅም ነገር ተደግፈዋል።

«ይሄ ምንድን ነው፣ አያ ብሩ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ምርኩዜ ነዋ!»

«አፈሙዝ አለው እኮ!»

«እርጅና ነው ልጄ። የኔስ ወገብ መች እንደነበረ ነው?»

ሊቀመንበሩ በጥልቀት አሰቡ። መዝግቦ «አንድ ተገኘ» ከማለት ሳይመዘግቡ «ምንም የለም» ማለት ለሪፖርት ያምራል።

«ጣይባ፣ ጻፊ! ቀበሌያችን ከጦር መሣሪያ ነጻ ናት።»

«ስላልመጡ የላቸውም ማለት ነው?»

«በአሠራር ደረጃ፣ አዎ።»

«ወላሂ፣ ግሩም አሠራር!» አለች ጣይባ፤ ጻፈችም።

ሪፖርቱ ደሴ ደረሰ። በሳምንቱ አንድ ትልቅ እንግዳ የሞዴል ቀበሌ ምስክር ወረቀት ይዘው መጡ። በሬ ታረደ፣ ዳስ ተጣለ፣ ሕዝብ ተሰበሰበ።

«አንዲት ጥይት የሌላት ቀበሌ!» አሉ እንግዳው በድምፅ ማጉያ። «አቶ ደሳለውም ከሰኞ ጀምሮ ደሴ ቢሮ ይገባሉ!»

እልልታው ቀለጠ። የኛ አገር ሰው ደግሞ ካልተኮሰ ደስ ያለው አይመስለውም፤ ሠርግም ሆነ ክርስትና፣ ልማዱ ነው። ጧ! አለ አንድ ነገር። ከዚያማ ማን ይቅር? ጧ! ጧ! ጧ! የአያ ብሩ ምርኩዝ እንኳ ሁለቴ ጮኸች። እንግዳው ምስክር ወረቀቱን እንደያዙ ጠረጴዛ ሥር ገቡ።

ነገር ግን ሕዝባችን አይታማ፣ ደንብ አክባሪ ነው፤ ቀድሞ አልተኮሰም። የተከበሩ ሊቀመንበራችን መድረኩ ላይ፣ ከኮታቸው ሥር የመዘዟትን ሽጉጥ ወደ ሰማይ እንዳነሡ ደርቀው ቀርተዋል።

ጣይባ ባዶውን መዝገብ ገለጠች።

«ስም ከነአያት?» አለቻቸው።