መቶ ሃያ በሰማንያ

በዓለም ላይ ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው የሌላውን ሰው ወገብ፣ ጨጓራና እንቅልፍ የሚያስተዳድር አንድ ባለሥልጣን አለው። የሹመት ደብዳቤ የለውም፤ ደመወዝም አይቆረጥለትም፤ ከሥልጣኑ የሚያወርደው ሰው ግን ገና አልተወለደም። ሥራ አስኪያጆች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። እሱ ሻያችን ውስጥ የምንጨምረውን ስኳር በዓይኑ እየቆጠረ ይኖራል።

በእኛ መሥሪያ ቤት ይህን ዙፋን የያዙት ክብርት ሲስተር ናቸው። ሲስተር የነርስ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። በሙያቸው የውሃ ቆጣሪ ንባብ መዝገብ ክፍል ኃላፊ ናቸው። «ሲስተር» የሚለውን ስም ያወጣላቸው አንድ ነገረኛ ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ ሊቀልድባቸው ፈልጎ። እሳቸው ግን ቀልዱን እንደ ማዕረግ ተቀብለው በማግስቱ ሥራ ጀመሩ።

የክፍላችን ሥራ ቀላል ነው። አንባቢዎቹ ከቤት ቤት እየዞሩ፣ የቆጣሪውን ክዳን ከፍተው፣ ያዩትን ቁጥር መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። እኔ ካለፈው ወር ቁጥር ጋር አመሳክራለሁ፤ የሚያጠራጥረውን በቀይ እርሳስ እከብባለሁ። ዝናብ ሲበረታ ወይም ግቢው ውስጥ ክፉ ውሻ ሲኖር፣ አንዳንዱ አንባቢ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ቁጥሩን ከጭንቅላቱ ይሞላዋል። ሲስተር እንዲህ ያለውን ንባብ ከሩቅ ያሸቱታል። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ያወርዱና «ሰው ያለበት ቤት በየወሩ እኩል ውሃ አይጠጣም» ይላሉ። ከዚያ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ይከተላል፦ «ቆጣሪው ጋ ሳትደርስ አትጻፍ።» አንባቢው አንገቱን ደፍቶ ወደ ዝናቡና ወደ ውሻው ይመለሳል።

መከራችን የጀመረው ይህን ዓይናቸውን ከቆጣሪ ወደ ሰው ያዞሩት ዕለት ነው።

መጀመሪያ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ጠርሙስ ታደለን። በጠርሙሱ ጎን ከላይ እስከ ታች ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ ሰዓት ተጽፎበታል፤ ሦስት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት፣ ሰባት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት። በአምስት ሰዓት ውሃው ከአምስት ሰዓት መስመር በላይ ከተገኘ ተጠያቂነት አለ። አንድ ቀን የእኔን ድርሻ ቀስ ብዬ መስኮቱ ሥር ያለው አበባ ላይ ደፋሁት። ሲስተር በማግስቱ አፈሩን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ የአበባው ሥር ሊበሰብስ፣ የእኔ ኩላሊት ደግሞ ሊደርቅ እንደሆነ በእርጋታ ነግረውኝ አለፉ።

ቀጥሎ የማኅተሙ ጉዳይ መጣ። ክፍላችን ምድር ቤት ነው፤ ማኅተሙም ለዘመናት የኖረው በሲስተር መሳቢያ ውስጥ ነበር። «መቀመጥ ነው የሚገድለን» አሉና ማኅተሙን ሦስተኛ ፎቅ አወጡት። ሰባ ሁለት ደረጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ደብዳቤ በተጻፈ ቁጥር አንዳችን እንወጣለን፤ ባለጉዳይ ታች ቆሞ ይጠብቃል። ባለጉዳይ «ማኅተሙ የት ሄደ?» ብሎ ሲጠይቅ «ለጤናችን ሲባል ሦስተኛ ፎቅ ነው» ብሎ የሚመልስ መሥሪያ ቤት ሌላ ቦታ ካለ፣ ለሠራተኞቹ ሰላምታዬን አድርሱልኝ።

ምክራቸው ሰው አይመርጥም። ጫማ ጨራሽ የምንለው አንጋፋ ቆጣሪ አንባቢ አለ፤ ስሙን ያወጣለት በዓመት ሦስት ጫማ መጨረሱ ነው። ሲስተርን «ሲስተር» ያላቸውም እሱ ነው። አንድ ቀን ሽቅብ ቁልቁል ሲል ውሎ ወንበር ላይ ዘፍ እንዳለ፣ ሲስተር ከፊቱ ቆመው በቀን ግማሽ ሰዓት በእግሩ ቢሄድ ለልቡ ምን ያህል እንደሚጠቅመው ያስረዱት ጀመር።

«ሲስተር፣ እኔን እንኳ መቆሚያውን ቢነግሩኝ ነው የሚሻለኝ» አላቸው።

«ያ ሥራ ነው፤ አይቆጠርም። የሚቆጠረው እጅህን እያወዛወዝክ ስትሄድ ነው።»

ጫማ ጨራሽ ለመሳለቅ ብሎ እጁን እያወዛወዘ ወጣ። አሁን ለምዶበታል፤ በየመንደሩ እንደ ሰልፈኛ እየተወዛወዘ ቆጣሪ ያነባል።

የራሳቸው ቤትም ከዚህ አገዛዝ አላመለጠም። ብቻውን የሚበላ ሰው ሳያኝክ ይውጣል በሚል ምክንያት አንድ ምሽት እራት ጋብዘውኝ ነበር። ሕጉን በር ላይ ሰማሁ፤ ምግብና ስልክ አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀርቡም። የሴት ልጃቸው ስልክ፣ የወንድ ልጃቸው ስልክና የእኔ ስልክ ትልቅ ድስት ውስጥ ገብተው ተከደነባቸው። ጓዳው ጠባብ ስለሆነ ድስቱ ምድጃው ላይ ተቀመጠ። አትክልቱን ሃያ ሃያ ጊዜ እያኘክን፣ እንደ ጨዋ ሰው ስለ ውሎአችን እየተጠያየቅን በላን። በመሃል የአውቶቡስ ሾፌር የሆኑት ባለቤታቸው ርቧቸው ከሥራ ገቡ፤ ድስቱን አዩ፤ ሾርባ መሰላቸው፤ ለኮሱበትና እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

ትንሽ ቆይቶ ድስቱ ጠራ። ባለቤታቸው በሳሙና እጃቸው ክዳኑን ሲያነሡ የፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጆቹ አለቀሱ። ሲስተር ግን ወደ ድስቱ አንዴ ተመልክተው፣ ቢያንስ እራታችንን ተረጋግተን መብላታችንን አስታወሱን። የእኔ ስልክ ከሁሉም በታች ስለነበር ጀርባው እንደ ሻማ ቀልጦ ተጣሟል። እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ኪሴን ብቻ ይቧጥጠዋል።

ዋናው ግን የሰኞው ሥርዓት ነው። ሲስተር በራሳቸው ወጪ የደም ግፊት መለኪያ ገዝተዋል። ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ተራ በተራ እጅጌያችንን ሰብስበን እንቀመጣለን፤ ጨርቁ ክንዳችንን ያንቀናል፤ ቁጥሩ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ከግፊቱ አጠገብ የእንቅልፍ ዓምድ አለ። እሱን መሣሪያ ስለማይለካው ይጠይቁናል፤ እኔ «ሰባት ሰዓት» እላለሁ፤ ይጽፋሉ። መጨረሻ ላይ የራሳቸውን ቁጥር ይጽፉና ደብተሩን ይዘጋሉ።

በዚህ ደብተር ስንስቅ ኖረን፣ አንድ ሰኞ የጥበቃችን ቁጥር ሽቅብ ወጥቶ ተገኘ። ሲስተር ሰውዬውን ኮፍያውን እንኳ ሳያነሣ ጎትተው ጤና ጣቢያ አደረሱት። ሳምንት ቢዘገይ ኖሮ ሌላ ወሬ ይሰማ እንደነበር ሐኪሙ ነገረው። ከዚያ ወዲህ መሳቃችንን አልተውንም፤ ድምፃችንን ግን ቀነስን።

ታዲያ ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሲስተር ማኅተም ሊያስመቱ ሲወጡ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ይቆማሉ። አንድ እጃቸው የደረጃውን ብረት ይይዛል፤ ፊታቸው ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ይዞራል። ሰሌዳው ላይ ያለው የዛሬ አራት ዓመት ስለጠፋ ጃንጥላ የተጻፈ ማስታወቂያ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲያነቡት አገኘኋቸው። ትንፋሻቸው ከታች ይሰማል። ጠጋ ብዬ ደኅና መሆናቸውን ስጠይቃቸው፣ ሰው ያገኘውን ሁሉ ማንበብ አለበት አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግንባራቸውን በሁለት ጣት ይዘው ይቀመጡና አምፖሉ ላይ ያሳብባሉ። እኔም አምፖሉን ቀየርኩት። ራስ ምታቱ ቀጠለ።

አንድ ሰኞ ሲስተር ለአዲሱ ወር መስመር እንዳሰምር ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ ወጡ። እጄ በልማድ ቁጥሮቹን ከላይ ወደ ታች መከተል ጀመረ። የጥበቃው ከላይ ጀምሮ እየወረደ ይመጣል። የጫማ ጨራሽ መቶ አሥራ ስምንት፣ መቶ ሃያ አራት፣ መቶ አሥራ አምስት እያለ ይሄዳል። የሲስተር ግን መቶ ሃያ በሰማንያ። በሚቀጥለውም ሰኞ መቶ ሃያ በሰማንያ። ሃያ ስምንት ሰኞ ሙሉ፣ አንዲት ነጥብ ሳይዛነፍ፣ መቶ ሃያ በሰማንያ።

ያን ጊዜ ነው ያ ጨርቅ በእሳቸው ክንድ ላይ ተጠምጥሞ አንድም ቀን እንዳላየሁ የገባኝ። ቀዩን እርሳስ አንሥቼ ከበብኩት።

ሌሎቹ ለምሳ እስኪወጡ ጠብቄ ደብተሩን ከፊታቸው ዘረጋሁት። ቀዩን ክብ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሲስተር፣ ሰው ያለበት ቤት በየወሩ እኩል ውሃ አይጠጣም።»

መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። እሳቸውን የሚለካ ሰው ስለሌለ ነው አሉኝ። እኔ እንዳለሁ ነገርኳቸው። ዛሬ ሥራ ይበዛል አሉኝ። ሥራው እንደማይሸሽ ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ማሽኑ ሳያዩ፣ ለእኔም ሳይሆን ለጠረጴዛው እንደሚያወሩ ሆነው ተናገሩ።

«እናቴ ግራ ጎኗ ሽባ ሆኖ የቀረው በእኔ ዕድሜ ነው። የሰው ስለካ ምንም አይመስለኝም። የራሴን ግን አንዴ ካየሁት በኋላ አላየሁም ማለት አልችልም፣ ልጄ።»

ሲስተር ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር። የራሳቸውን ቃል መለስኩላቸው።

«ቆጣሪው ጋ ሳይደርሱ ነው የጻፉት።»

እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ማሽኑ ተነፍቶ ተነፍቶ ሲለቅ መቶ ሰማንያ አምስት በመቶ አሥር አሳየ። ማሽኑ ሳይበላሽ አይቀርም አሉ። እሳቸው እንዳስተማሩን አምስት ደቂቃ አርፈው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ፣ ሳያወሩ ደገምነው። ማሽኑ አልተበላሸም ነበር። የጀመሩትን መዝገብ ጨርሰው እንደሚሄዱ ሲነግሩኝ መዝገቡን ወስጄ ተቀመጥኩበት። ጥበቃው ታክሲ አስቆመ። ጫማ ጨራሽ፣ የሚቀልድበት አጥቶ፣ ቦርሳቸውን ይዞ አብሮ ገባ።

ሐኪሙ መድኃኒት ጀመረላቸውና አንድ ሳምንት ቤት እንዲያርፉ አዘዘ። እኛም ነፃ ወጣን። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሻዩ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረ። ማኅተሙንም ወደ ምድር ቤት ለማውረድ በሙሉ ድምፅ ወሰንን። በሁለተኛው ቀን አራት ሰዓት ሲሆን ጫማ ጨራሽ ከወንበሩ ተነሥቶ ወገቡን አፍታታ፤ በየሰዓቱ እንድንነሣ የሚያዙን ሲስተር ነበሩ። ሁላችንም አየነው። አንድ በአንድ ተነሣን፤ አንዳችን የሌላውን ፊት ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞረን ትከሻችንን አሽከረከርን። የእኔ ጠርሙስ በአምስት ሰዓት ልክ አምስት ሰዓት መስመር ላይ ነበር። አበባውም ደኅና ነው። ማኅተሙ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሦስተኛ ፎቅ ቆየ፤ ማውረዱን አንዳችንም አላነሣንም።

ሲስተር ሲመለሱ እንደ ወትሮው ቢሆኑ ይሻለን ነበር። አሁን የሰባት ቀን ክፍልፋይ ያለው የክኒን ሣጥን ይዘዋል፤ ስለ ጨው ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ያውቃሉ፤ የጥበቃውን የምሳ ዕቃ ከፍተው ይቀምሳሉ። ደረጃውን ግን ሐኪሙ ለጊዜው ከልክሏቸዋል። ስለዚህ ታች ቆመው እኛ ስንወጣ ይቆጥሩልናል።

በተመለሱበት ሰኞ እኔ ለካኋቸው። መቶ አርባ ሁለት በዘጠና። ቁጥሩን በራሳቸው እጅ ጻፉት፤ ሃያ ስምንቱ ቆንጆ ቁጥሮች ሥር ጠማማ ሆኖ ተቀመጠ። ከዚያ ደብተሩን ለእኔ አዞሩልኝ። በእንቅልፍ ዓምድ፣ በእኔ ስም ትይዩ፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ዙሪያው በቀይ እርሳስ ተከቧል። እርሳሱ የእኔ ነው።

«አሁን ተራው የአንተ ነው» አሉኝ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ እያወረዱ። «ስንት ነው እውነቱ?»

«አራት።»

«ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣህ መጽሐፍ ነው?»

«መጽሐፍ ነው።»

አራት ብለው ጻፉ፤ ደብተሩን ዘጉ።

«በሚቀጥለው ሰኞ አምስት ካልሆነ፣ ስልክ የቀቀለ ቤት መጽሐፍ መቀቀል አያቅተውም።»

በሚቀጥለው ሰኞ አምስት ሰዓት ተኩል አልኳቸው። በግምት አልነበረም።