ጠበል የተረጨው ቶርኖ

እናንተ ሰፈር ወንዶች በምን እንደሚኮሩ አላውቅም። ጎንደር ግን የሚኮራበት ነገር አጥቶ የሚያድር ወንድ አይገኝም። አንዱ በዘሩ ይኮራል፣ አንዱ በቅኔው፣ አንዱ በጢሙ፤ ምንም የሌለው ደግሞ ምንም ባለመፈለጉ ይኮራል። በደርግ ጊዜ ይህ ጠባይ ትንሽ ችግር ነበረው። የሚኮሩበት ነገር ዕቃ ከሆነ፣ በተለይም ሠርቶ የሚያበላ ዕቃ ከሆነ፣ በልብ መኩራት ነበር የሚሻለው። ለእኔ ባል ፈጣሪ ብዙ ነገር ሰጥቶታል፤ በልብ መኩራትን ግን አልሰጠውም።

ምስጋናው ብረት ሠራተኛ ነው፣ እኔ አስተማሪ ነኝ። አንድ ቀን አዘዞ በኩል አሮጌ የመንግሥት ዕቃ በጨረታ ይሸጣል ሲባል ሰምቶ ሄደና ቶርኖ ገዝቶ መጣ። ቶርኖ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ብረትን እያሽከረከረ እንደ ድንች የሚልጥ ማሽን ነው። የእንግሊዝ ሥራ ነው። እንግሊዞች ጣሊያንን ሊያስወጡ የመጡ ጊዜ ይዘውት መጥተው ትተውት ሄዱ ይባላል። ትተውት መሄዳቸው አልገረመኝም፤ ከማኪና ሲወርድ ክብደቱን አይቻለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣውንት ገባችብኝ ማለት ይቻላል። ሲመሽ ብርድ እንዳይመታው ብሎ የአልጋችንን ጋቢ ያለብሰዋል። ዘይት የሚቀባው በላባ ነው። ከማርሽ ጥርሶቹ አንዱ ወልቆ ስለነበር በሞረድ እየሞረደ ራሱ ሠራለት። አገሩ ሁሉ በሚሊሜትር ሲለካ ይሄ ቶርኖ በኢንች ካልሆነ አልሰማም ስለሚል፣ ባሌም ኢንች ተማረ። ለእኔ ቤተሰብ ሲል ያን ያህል ተምሮ አያውቅም። መቼም ቅናት ነው ብትሉኝ አልከራከራችሁም።

ደስታው ግን ስጋት ነበረበት። በግለሰብ እጅ ያሉ ማሽኖች ተሰብስበው ለዕደ ጥበብ ማኅበር ይሰጣሉ የሚል ወሬ ከተማው ውስጥ ይናፈስ ጀመር። ምስጋናው እህል አልወርድለት አለ። ማሽኑ ከሄደ ሰውየውም ቤት ውስጥ እንደማይኖር፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልብስ ብቻ እንደሚቀርልኝ ገባኝ።

ይሄኔ ነው እናቴ የፍልሰታን ጾም ከእኛ ጋር ልትጾም ከዳባት የመጣችው። የአማቿን ጭንቀት ሰማች፤ ለጭንቀት የምታውቀው መድኃኒት አንድ ነውና የንስሐ አባታችንን ይዛ መጣች። አባም በረከት የሚቆጥቡ ሰው አይደሉም። ጸሎቱን አድርሰው ሲያበቁ ቶርኖውን ከራስ እስከ እግሩ በጠበል አጠመቁት፤ መቁረጫው ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተትበትን፣ ምስጋናው እንኳን በባዶ እጅ የማይነካውን ያንን ለስላሳ ጀርባውን ሁሉ።

ባሌ አባን ሸኝቶ እንደተመለሰ ጨርቅ አነሳ። እናቴ ግን በሩ ላይ ቆማለች።

«ምነው አያ ምስጋናው፣ ጠበል ይጠረጋል እንዴ? ራሱ ይድረቅ እንጂ።»

በእኛ አገር አማት ለአማች ክብር ስትል ልጇ የሚሆነውን ሰው አያ ትለዋለች፤ እሱም አያ ካለችው ሴት ጋር አይከራከርም። ጨርቁን አስቀመጠ። የጎንደር የነሐሴ ዝናብ ደግሞ ምንም ነገር በራሱ እንዲደርቅ አይፈቅድም። በነጋታው የቶርኖው ጀርባ ዛገ። እናቴ በየጠዋቱ እየመጣች ዝገቱን ታያለች፣ ሸጋ ነው፣ ጠበሉ ይዞታል ትላለች። ምስጋናው ከእሷ ኋላ ቆሞ ዓይኑን ይጨፍናል።

እንዲህ ሆነን ሳለን የቀበሌው ሊቀመንበር ሰዎች አስከትለው ማሽኑን ሊያዩ መጡ። ሊቀመንበሩ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ጣቱን ጀርባው ላይ አሳለፈ። ጣቱ ቀይ ሆነ።

«ይሄማ ቁርጥራጭ ብረት ነው» አለና ወጣ።

እናቴ አማተበች። እኔም ተመስገን ልል ወደ ባሌ ዞር ስል ፊቱ እናቱ የተሰደበችበት ሰው ፊት ሆኗል። እንዲወስዱት ራሱን አዘጋጅቶ ነበር፤ እንዲንቁት ግን አልተዘጋጀም። እጅጌውን ይዤ ተው አልኩት። እጅጌውን አስለቅቆ በዝናቡ ውስጥ ተከተላቸው። ያተረፈንን ቃል ሊያሰርዝ ሄደ ማለት ነው።

ሲመለስ ሊቀመንበሩን ይዞ ነው፣ ከተሰበረው የወፍጮ ፔርኖ ጋር። የቀበሌው ወፍጮ ድንጋዩን የሚያዞርለት ይሄ ወፍራም ብረት ተሰብሮ ከቆመ ሰንብቷል፤ ሰፈሩ እህሉን ተሸክሞ ሩቅ ይሄዳል። ምስጋናው አዲስ ፔርኖ ልሥራና ካልሆነልኝ ቶርኖውን ራሴ ተሸክሜ እጥለዋለሁ ብሎ ነው ያመጣው። ከአሮጌ የካሚዮን ብረት ቆርጦ ቶርኖው ላይ አሰረና ቆመ። ዝገቱን ያያል፣ እናቴን ያያል።

ሊቀመንበሩ ትዕግሥቱ አለቀ። «ዝገቱን ጥረገው እንጂ ጓድ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

እናቴ ሊቀመንበሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። መንግሥት ካዘዘማ ይጠረግ አለች። ምስጋናው የጠረገበትን ጨርቅም ተቀብላ፣ ጠበል የነካው ጨርቅ የትም አይጣልምና፣ አጥፋ አስቀመጠችው።

ከዚያ ቶርኖው ዞረ። የብረቱ ልጣጭ እየተጠቀለለ፣ ሰማያዊ እየሆነ ሲወርድ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጣውንቴን ወደድኳት። ፔርኖው ወጣ። ሊቀመንበሩ ከአሮጌው ጋር አስተያየው፣ በመዳፉ አገላበጠው። ቀጥሎ የፈራነው መጣ።

«ማኅበሩ ይሄን ማሽን ቢወስደው ማን ያሠራዋል?»

የሚመለሰው መልስ የታወቀ ነበር። ራስን ዝቅ አድርጎ፣ ማንም ለምዶ ያሠራዋል፣ አብዮቱ ያልቻለው የለም ይባላል። ምስጋናው ይህን ሁሉ ያውቃል።

«ማንም አያሠራውም» አለ። «እኔን ብቻ ነው የሚሰማው። እሱን የምትወስዱ ከሆነ እኔንም ውሰዱኝ።»

በዚያ ዘመን «ውሰዱኝ» ለቀልድ የሚባል ቃል አልነበረም። ስንቷ እናት ያ ቃል ሳይባል እንኳ ልጇ ተወስዶባታል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ ግን፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ እንደዚያች ደቂቃ ባሌን ረጅም ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ሊቀመንበሩ አየው፣ አየው፣ ከዚያም ሳቀ። «አንተን ማን ይችልሃል፤ ሁለታችሁም እዚሁ ሁኑ» ብሎ ፔርኖውን ታቅፎ ወጣ።

ወፍጮው እንደገና ሲጀምር እኔም ጤፌን ይዤ ሄድኩ። ሰልፉ ግቢውን ዞሮ መንገድ ወጥቷል። እኔ እንግዲህ ስለ ሰው ልጆች እኩልነት ለተማሪ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ከኋላ ተሰለፍኩ። አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝና «አሳልፏት እስቲ፣ የቶርኖው ሚስት ናት» አለች። ሰልፉ ገለል ገለል አለ።

«ኧረ ግድ የለም፣ ተራዬን እጠብቃለሁ» እያልኩ ወደ ፊት ሄድኩ።