እትዬ ፎርምና የሚሰረዘው መደብ

በየትኛውም የእርዳታ ድርጅት ውስጥ፣ ሰው ከሚያድኑት ሰዎች ጀርባ አዳኞቹን የሚያስፈርም አንድ ሰው አይጠፋም። የኛዋ ክብርት የሰው ኃይል ኃላፊ እትዬ ፎርም ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛው ነን። የሰሙ ዕለት «በጽሑፍ አሳውቁኝ» አሉ እንጂ አልተቀየሙም።

አንድ ጊዜ ትኩሳት አጣድፎኝ ሁለት ቀን ቀርቼ ስመለስ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«እግዜር ይማርህ ወንድሜ። ግን የፈቃድ ጥያቄ ከሦስት ቀን በፊት ነው የሚገባው።»

«እትዬ፣ እንደምታመም በምን አውቃለሁ?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ፤ እቅድ የለህም!»

ጎርፉ የመጣ ጊዜማ ጉድ ሠሩን። ድንኳንና ብርድ ልብስ ጭነን ሞተሩ ተነስቶ ሳለ፣ ዝናቡ ውስጥ በሩ ላይ ቆመው መኪናውን አገዱ። ለካስ «አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው» የሚለውን ፎርም አልሞላንም። ሾፌራችን ወላጅም ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ዝም ብለው የእትዬ ፎርምን ስም ጻፉ።

«ይሄ ከደንቡ ጋር አይሄድም» አሉ እትዬ። ቢሆንም አልሰረዙትም፤ በጃንጥላቸው ሥር ማህተም መቱበት።

ባለፈው ወር ከዋናው ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ለጋሾች እጃቸውን ስለሰበሰቡ እስከ ዓርብ አንድ የሥራ መደብ ይሰረዝ፣ ማን እንደሚሄድ ኃላፊዋ ይወስኑ ይላል። የሁላችንም ልብ ተሰቀለ። ከሁሉ የባሰው በእኔና በሾፌሩ ነበር። እኔ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ የሦስት ልጆች አባት ነኝ፤ እሳቸው ደግሞ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። እትዬ ፎርም አንድ በአንድ እየጠሩ ነጥብ ይሰጡን ጀመር። የጽዳት ሠራተኛዋን እንኳ «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታዪዋለሽ?» ብለው አፋጠጧት።

«እዚሁ ኮሪደር ላይ ነዋ!» አለቻቸው። ሙሉ ነጥብ ሰጧት።

ዓርብ ጠዋት ቢሯቸውን ዘግተው ብቻቸውን ተቀመጡ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል።

«የተሰናበቱበት ምክንያት?» ብለው የስንብት ፎርም ሲያነቡ ሰማን።

«የኃላፊዋ ውሳኔ» የሚል መልስ መጣ፤ ድምፁ ያው የራሳቸው ነው።

«በኃላፊዋ ላይ ቅሬታ አለዎት?»

አሁንም ራሳቸው መለሱ፤ «ፎርም ታበዛለች።»

እኔና ሾፌሩ ተያየን። የሰረዙት የራሳቸውን መደብ ነበር።

ከዚያ በሩን ከፍተው ወጡና ወረቀቱን ዘረጉልኝ። «ምስክር ሆነህ ፈርም።»

«አልፈርምም እትዬ» አልኩ። በስምንት ዓመት ውስጥ እምቢ ስላቸው የመጀመሪያዬ ነው። ጠዋት ማታ ከጀርባቸው ሳማቸው የኖርኩት ሴትዮ እንደ እናቴ እንደምሳሳላቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አልተቆጡም። ከመሳቢያቸው ሌላ ወረቀት መዘዙ፤ «ለመፈረም ፈቃደኛ ያልሆነ ሠራተኛ ምክንያት መግለጫ ፎርም» ይላል።

«በግልጽ ጽሑፍ ሙላ» አሉኝ።

ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «እንዲሄዱብን አልፈልግም» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ማህተማቸውን አነሱና፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ የት ላይ እንደሚመቱ ጠፋባቸው።