አንድ መጥበሻ ይበቃኛል

አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብቶ ዓመቱን ሙሉ የሚያወራ ወንድ ገጥሟችሁ አያውቅም? እኔን ከነሱ እንዳትደምሩኝ! እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ እገባለሁ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ አማቴ ከአማኑኤል ከተማ መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል። እኚህ ሴት ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ አንድ ቀን «ጎበዝ» ብለውኝ አያውቁም። ዛሬማ ይሉኛል አልኩና፣ ባለቤቴ ከሥራ እስክትገባ ቋሊማ፣ ድንች፣ ካሮትና ቃሪያ ቆራርጬ ባንድ መጥበሻ አገላበጥኩት። ድስት የለ፣ ጭልፋ የለ! መዓዛው ሰፈሩን አወደው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አማቴ ቀመሱ። ከዚያ ጨምርልኝ አሉ።

ይኼኔ ባለቤቴ ገብታ መጥበሻውን ስታይ ጮኸች።

«አንተ ሰውዬ! የጾም መጥበሻዬን ሥጋ ጠበስክበት? ነገ ሮብ በምን ልሠራ ነው?»

አንድ መጥበሻ እንደሚበቃ አውቃለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ግን ማን ነገረኝ? አለቀልኝ ብዬ አማቴን አየሁ። እሳቸው የመጨረሻዋን ቋሊማ እየጎረሱ ነው።

«ተይው ልጄ» አሉ፤ «ለጾሙ ሌላ ግዢ። ይኼ ከእንግዲህ የሱ ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ይሥራበት። ጎበዝ ነው።»

ከአማቱ በሬ የተሰጠው ሞልቷል። መጥበሻ የተሰጠው ወንድ ግን እስቲ ከመላው ጎጃም አንድ አምጡልኝ!